ቀዶ ጥገናው ሳይሳካ ሲቀር፤ ስላመረቀዘ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ



በአቃቂ ቃሊቲ ስለምናደርገው የቤት ለቤት ጉብኝት በጻፍን ቁጥር ከእናንተ ዘንድ ተደጋግሞ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ቁስሉ ለማይድን ሰው በየወሩ ለፋሻ፣ ለክራንችና ለመኪና ኪራይ ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ፣ አንድ ጊዜ በቂ ገንዘብ አዋጥተን በደንብ እንዲታከም ለምን አናደርግም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሰን ልናልፈው አልወደድንም። በተለይም በዳሌ ወይም በጉልበት ውስጥ የገባላቸው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አመርቅዞ፣ የማስተካከያው ቀዶ ጥገናም ሳይሳካ የቀረባቸውን ሕሙማን በሚመለከት ነገሩ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ሕሙማንን ወደ ሐኪም ስንወስድና ስንመልስ የተማርነውን፣ ከሐኪሞችም ጠይቀን የተረዳነውን በሚገባ ቋንቋ እናቀርብላችኋለን።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ምንድን ነው?

የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ በስብራት፣ በቁርጥማት ወይም በልጅነት ዘመን በደረሰ የአጥንት ሕመም ሊበላሽ ይችላል። ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሲቋረጥም አጥንቱ ሞቶ ይፈራርሳል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች የተበላሸውን ክፍል ቆርጠው በማውጣት ከብረትና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ምትክ ያስገባሉ። ለዛሬው የዳሌ ቅየራ መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የብረት ራስን ከፕላስቲክ ጎድጓዳ ጋር አጣምሮ ያስገባበት ዘዴ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። በእኛም አገር ሕክምናው በጥቂት ሆስፒታሎች፣ በተለይም በአዲስ አበባ ይሰጣል። አንዳንዶች ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ሄደው፣ ሌሎችም በውጭ አገር ልጆቻቸው ዘንድ ሳሉ ተሠርቶላቸው ይመለሳሉ።

ከአብዛኞቹ ሰዎች ዘንድ ይህ ሕክምና ታላቅ በረከት ነው። ለዓመታት የተቀመጠው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሌሊት በሕመም የማይተኛውም ይተኛል። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሠራላቸው መቶ ሰዎች መካከል በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ መገጣጠሚያው ያመረቅዛል። እንደገና በተከፈተ መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ይህ አደጋ ከፍ ይላል።

ለምን በመድኃኒት ብቻ አይድንም?

ይህን ለመረዳት በቤታችን ያለውን የውሃ በርሜል እናስብ። በርሜሉ ሳይታጠብ ሲቆይ በውስጥ ግድግዳው ላይ የሚያንሸራትት ነገር ይይዛል። ውሃውን ደፍተን በንጹሕ ውሃ ብንሞላው ያ ነገር አይለቅም፤ በእጅ ተፈግፍጎ መነሣት አለበት። ረቂቅ ተሕዋስያንም በብረቱና በፕላስቲኩ ላይ ሲያርፉ እንዲሁ ያደርጋሉ። ራሳቸውን በሚያጣብቅ ሽፋን ይሸፍኑና ከሥሩ ተኝተው ይቀመጣሉ። መድኃኒት ወደ አካላችን የሚደርሰው በደም አማካይነት ነው፤ በብረት ውስጥ ግን ደም አይዞርም። ከሽፋኑ ሥር ያሉት ተሕዋስያንም ስለሚያንቀላፉ፣ በሌላ ቦታ ቢሆን ይገድላቸው የነበረው መድኃኒት ብዙ አይጎዳቸውም። መድኃኒቱ በተወሰደ ጊዜ መግሉ ደርቆ፣ በተቋረጠ ማግስት ተመልሶ የሚፈስሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚሞክሩት ቀዶ ጥገና ነው። ሕመሙ ከጀመረ ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነና ብረቱ ካልላላ፣ ከፍተው አጥበው፣ የሚለወጠውን የፕላስቲክ ክፍል ለውጠው ብረቱን ሊተዉት ይችላሉ። ከቆየ ግን ሁሉም መውጣት ይኖርበታል። አንዳንድ ጊዜ በዚያው ቀን አዲስ ይተካል። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ አሮጌው ወጥቶ በቦታው መድኃኒት የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ይቀመጣል፤ ከሳምንታት በኋላም አዲሱ ይገባል። መድኃኒትን ከሲሚንቶ ጋር የማቀላቀሉ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በጀርመን አገር በሃምቡርግ በሐኪሙ ቡኽሆልትስና በባልደረቦቹ የተጀመረ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከአሥር ሰዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ መግሉ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒት የማይበግራቸው ተሕዋስያን፣ የስኳር በሽታ፣ የተጎዳ ቆዳና ሥጋ፣ የሳሳ አጥንት ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ። እያንዳንዱ ቀዶ ጥገና ከአጥንቱ ይቀንሳል፤ ጠባሳም ይጨምራል። ስለዚህ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አራተኛውም ከሦስተኛው ያነሰ ተስፋ አለው። ገንዘብ ስለተጨመረ ብቻ ተስፋው አይጨምርም።

የቀሩት አራት መንገዶች

የማስተካከያው ቀዶ ጥገና ሳይሳካ ሲቀር የሕክምናው ዓላማ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው «እንዴት እንደ ቀድሞው ይሁን?» ሳይሆን፣ «መርዙ ወደ ደም ሳይገባ፣ ሕመሙ ቀንሶ፣ ሰውየው በቤቱ እንዴት ይኑር?» የሚለው ነው። ለዚህም አራት መንገዶች አሉ።

አንደኛው መድኃኒትን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ነው። ብረቱ ካልላላ፣ ሰውየውም ሌላ ቀዶ ጥገና የማይችል ከሆነ፣ ተሕዋስያኑ ተለይተው ከታወቁ በኋላ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ለወራት ወይም ለዓመታት ይታዘዛል። ይህ ልጓም ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። ከሚታዘዙት መካከል ዶክሲሳይክሊንና ኮትሪሞክሳዞል ይገኛሉ። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ፀሐይ ቶሎ ስለሚያቃጥለው ባርኔጣና ጥላ ያስፈልገዋል፤ ከወተትና ከብረት እንክብል ጋርም አንድ ላይ መዋጥ የለበትም። ኮትሪሞክሳዞል ለሚወስድ ደግሞ የኩላሊትና የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዓመት «ቀላል ነው» ተብሎ የሚተወው ምርመራ ይህ ነው፤ ነገር ግን ሊተው አይገባም።

አንዳንድ ጊዜም በቆዳው ላይ መግል የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ ይኖራል። ብዙዎች ይህ ቀዳዳ ቶሎ እንዲዘጋ ይመኛሉ። ዳሩ ግን መግሉ መውጫ ካላገኘ በውስጥ ይጠራቀማል። በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ በየቀኑ ጥቂት የሚያፈስ ንጹሕ ቀዳዳ ከተዘጋና ካበጠ ቁስል ይሻላል። ይህ ማለት ግን ክትትል አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የሚያፈስ ቁስል ጥቂት ጊዜ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ጠርዙ ከደደረ፣ ሥጋ ካበቀለ ወይም ከደማ ለሐኪም መታየት አለበት።

ሁለተኛው መንገድ ብረቱን ሁሉ አውጥቶ ያለ ምትክ መተው ነው። ይህ በዳሌ ላይ የሚደረግ ሲሆን፣ በኦክስፎርድ ያስተምር በነበረው ሐኪም በገርድልስቶን ስም ይጠራል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1943 ያመረቀዘ ዳሌን ከፍቶ ስለማፍሰስ ጽፎ ነበር፤ ያም ሰው ሠራሽ ዳሌ ከመስፋፋቱ በፊት ነው። በቦታው ጠባሳ ይሞላና ሰውየው በእርሱ ላይ ይቆማል። እግሩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ያነክሳል፤ ምርኩዝ ወይም ክራንች ያስፈልገዋል። ነገር ግን ብረቱ ስለወጣ ብዙዎች ከመግልና ከከባድ ሕመም ያርፋሉ። ያጠረው እግር ጫማው በወፍራም ሶል ከፍ ሲደረግለት ወገቡም አይጎዳም።

ሦስተኛው መንገድ ጉልበትን ማጣበቅ ነው። ብረቱ ከወጣ በኋላ የጭኑና የቅልጥሙ አጥንት በረጅም ዘንግ ወይም ከውጭ በሚታሰር ብረት ተይዘው እንደ አንድ አጥንት እንዲገጥሙ ይደረጋል። እግሩ ክብደት ይሸከማል፤ ሕመሙም ይቀንሳል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አይታጠፍም። በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ በታክሲ ወንበር መካከል መግባት፣ በቁጢጥ ሽንት ቤት መጠቀም አስቸጋሪ ይሆናል። ይህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሕመምተኛው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

አራተኛው እግሩን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው። ይህን ቃል ሲሰማ የማይደነግጥ የለም። መርዙ ወደ ደም ገብቶ ሕይወትን ሲያሰጋ፣ ወይም ሥጋና አጥንቱ ከጥገና በላይ ሲሆን፣ እግር ተሰጥቶ ነፍስ ይተርፋል። ከጉልበት በላይ በተቆረጠ እግር በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ከሸመገሉት መካከል ብዙዎቹ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖራሉ። ወጣቱና ብርቱው ግን ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለት ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። በዘነበወርቅ የሚገኘውና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከም የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል የጫማና የአካል ድጋፍ ሥራን ከዚያ ሕክምና ጋር አያይዞ የኖረ ነው። እግር የተቆረጠበት ሰው የሥራ ዘመኑ አበቃ ማለት እንዳልሆነ ከዚያ ግቢ ብዙ ተምረናል።

ከአራቱ የትኛው?

ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ የለም። የ35 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛና የ75 ዓመት አያት አንድ ዓይነት ቁስል ቢኖራቸውም የሚሻላቸው መንገድ ሊለያይ ይችላል። ከምንጎበኛቸው መካከል አንዲት እናት ጉልበታቸው ከተቀየረ በኋላ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ መግሉ አልቆመም ነበር። ልጆቻቸው እናታቸውን ውጭ አገር ለማሳከም ቤታቸውን ለመሸጥ ተነሡ። እኛም ከመሸጣችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን ጽፋችሁ ለሐኪሙ አቅርቡ አልናቸው። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው፦

1. በቁስሉ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ተለይቶ ታውቋል ወይ? የትኛውስ መድኃኒት ይገድለዋል?
2. ሌላ ቀዶ ጥገና ቢደረግ እንደ እኛ ካሉ አሥር ሰዎች ስንቱ ይድናሉ?
3. ባይሳካ ከዛሬው የባሰ ምን ይደርስባቸዋል?
4. ቀዶ ጥገና ባናደርግ ያለ ሥቃይ በቤታቸው ለመኖር ምን ያስፈልጋቸዋል?

ሐኪሙም ሁሉን በግልጽ ከነገሯቸው በኋላ እናቲቱ ራሳቸው፣ «ቤቴ ከሚሸጥ እግሬ እንዲህ ሆኖ በቤቴ ልኑር» አሉ። ዛሬ በመድኃኒትና በፋሻ ይኖራሉ፤ በክራንች እስከ ጎረቤት ይሄዳሉ። ይህ ለሁሉ የሚሆን ምሳሌ አይደለም። ነገር ግን ሕመምተኛውን ሳይጠይቁ ስለ ሕመምተኛው መወሰን እንደማይገባ አስተምሮናል።

ስለ መድኃኒት ሊታወቅ የሚገባው

የመጀመሪያው ነገር ናሙና ነው። ትክክለኛው ናሙና የሚወሰደው ከውስጥ፣ ከአጥንቱ አጠገብ ካለው ሥጋ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ቦታ ነው። ከቀዳዳው አፍ ላይ የሚጠረግ መግል ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ ያለውን ሌላ ተሕዋስ ስለሚያሳይ ያሳስታል። ሕመምተኛው በብርቱ ካልታመመ በቀር ሐኪሞች ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት መድኃኒት ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲቆም ያደርጋሉ። ከመድኃኒት መደብር ያለ ትእዛዝ የተገዛ እንክብል ይህን ምርመራ ያበላሻል።

ሁለተኛው፣ ስለ መርፌ ነው። ብዙ ወገኖቻችን መርፌ ካልተወጉ የታከሙ አይመስላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ መመረዝ ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይፋ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በትክክል የተመረጠ መድኃኒት በአፍ መውሰድ በደም ሥር ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳየ። ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ድኻ ይህ ታላቅ የምሥራች ነው።

ሦስተኛው፣ ስለ ጊዜው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንሳይ አገር በተደረገ ጥናት ያመረቀዘ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተቀዶ ከታከመላቸው ሰዎች መካከል ለስድስት ሳምንት መድኃኒት በወሰዱት ላይ ከመቶ 18 ያህሉ ሳይድኑ ሲቀሩ፣ ለ12 ሳምንት ከወሰዱት ግን ያልዳኑት 9 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ «ተሽሎኛል» ብሎ በመካከል ማቋረጥ ስንት ሰው እንደሚጎዳ ከዚህ እናያለን።

አራተኛው፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በብረት ላይ የተቀመጡ አንዳንድ ተሕዋስያንን ስለሚያጠቃ ለዚህም ሕመም ይታዘዛል። ነገር ግን ብቻውን ከተወሰደ ተሕዋስያኑ በቶሎ ይለምዱታል፤ ስለዚህ ከሌላ መድኃኒት ጋር ብቻ ይሰጣል። ሽንትን ወደ ቀይ ይለውጣል፤ ይህ አያስደነግጥ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ኃይል ስለሚቀንስ ግን የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

ቁስሉን የሚያጥበው ሰው ከመንካቱ በፊትና በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ወይም ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ማጠቢያ ይጠቀም። ቅቤ፣ ቅጠል፣ አመድ ወይም ከእንክብል የተፈጨ ዱቄት በቀዳዳው ውስጥ አይጨመር። ፋሻው ሲረጥብ ይለወጥ። አሮጌው በፌስታል ታስሮ ልጆች በማይደርሱበት ይወገድ። ያበጠውን መገጣጠሚያ ወጌሻ እንዳያሸው፤ ማሸት ተሕዋስያኑን ሊበትን፣ የሳሳውንም አጥንት ሊሰብር ይችላል። በቁጢጥ መቀመጥ ለማይችል ሰው መካከሉ የተበሳ ወንበር በሽንት ቤቱ ላይ ማድረግ በጥቂት ብር ይሠራል። ደጋግሞ ከሚወድቅ ሰው ደጃፍ ላይ ያለውን ድንጋይ ማንሣት፣ ለእጅ መያዣም እንጨት መትከል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ እያደረግንም የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ነገ ሳንል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እንሂድ፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የትንፋሽ መፋጠን፣ አእምሮ መሳት፣ የሽንት ማነስ፣ በድንገት የተዘጋ ቀዳዳና የሚያብጥ እግር፣ የማይቆም ደም። እነዚህ መርዙ ወደ ደም የመግባቱ ወይም የከፋ ጉዳት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ለአካባቢያችን ቅርብ የሆነው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል በቻይና መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። ከዚያም እንደ ነገሩ ክብደት የአጥንት ስፔሻሊስቶች ወዳሉበት ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ወዳለው አቤት ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የቀድሞው ቀዶ ጥገና ወረቀት፣ ራጅና የመድኃኒቱ ስም በአንድ ፌስታል ተዘጋጅቶ መቀመጥ ይኖርበታል። በሌሊት ሲጣደፉ አይገኝምና።

ጸሎትና መድኃኒት

ብዙ ሕሙማን፣ «እምነቴ ቢበዛ ኖሮ እድን ነበር» ብለው በስውር ያለቅሳሉ። አንዳንዶችም ተጸልዮልኛል ብለው መድኃኒታቸውን አቁመው፣ ከሳምንት በኋላ በትኩሳት ሲቃጠሉ አግኝተናቸዋል። እኛ ከሕሙማን ጋር እንጸልያለን። ነገር ግን መድኃኒት አቁሙ አንልም። ደጉ ሳምራዊ በቁስለኛው ላይ ዘይትና የወይን ጠጅ አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፤ ለማደሪያውም ከፈለ። ሐዋርያው ጳውሎስም እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ የለመነው መውጊያ አልተወሰደለትም፤ ስለዚህም እምነተ ቢስ ተብሎ አልተቆጠረም። ያልዳነውን ሰው በእምነቱ ማነስ መውቀስ በቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የመግል ሽታ የሚያሳፍራቸው ሰዎች ከእድሩም ከጉባኤውም ራሳቸውን ያርቃሉ። ስለዚህ ጉብኝታችን ፋሻ ለማድረስ ብቻ አይደለም፤ አጠገባቸው ተቀምጠን ቡና ለመጠጣትም ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ለትልቅ ቀዶ ጥገና ገንዘብ ማዋጣት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሙ ተስፋ አለው ሲል፣ ሕመምተኛውም ሲወድድ እናዋጣለን። ተስፋው በጠበበ ጊዜ ግን የአንድ ቤተሰብ ቤት ተሸጦ ለሦስተኛና ለአራተኛ ቀዶ ጥገና ከሚውል፣ በየወሩ የሚመጣው ፋሻ፣ የማይቋረጠው መድኃኒት፣ የደም ምርመራው፣ ከፍ የተደረገው ጫማና ለክትትል ቀን የሚከፈለው የመኪና ኪራይ ያንን ሰው በሕይወትና በክብር ያኖሩታል። የላካችሁት ገንዘብ የሚውለው ለዚህ ነው። በምትኖሩበት አካባቢ እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ በጓዳ የተቀመጠ ሰው ካለም፣ ከገንዘባችሁ በፊት እግራችሁን ወደ እርሱ ዘንድ እንድትልኩ በፍቅር እንለምናችኋለን።